ግማሽ ሜትር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፣ ስቶክሆልም

«ኖቴራት። በንድፉ ላይ ስምህ በአረጋጋጭነት ይቀጥላል።»

የሥራ ኃላፊዬ ዛሬ የጻፈችልኝ ይህንኑ ብቻ ነው። ኖቴራት ማለት «ተመዝግቧል» ማለት ነው፤ በዚህ አገር ግን «ሰምተንሃል፣ አሁን ዝም በል» እንደ ማለት መሆኑን ሠላሳ ዓመት ኖሬ አውቀዋለሁ።

አውራ ጎዳናውንና ባሕሩ ሲሞላ ወደ ኋላ በሚመለሰው ወንዝ ላይ የተሠራውን ግድብ ከፍ የምናደርገው ጎርፍ እንዳያልፍ ነው። የጎርፉ ከፍታ የተለካው ግን በአሮጌው የከፍታ መነሻ፣ ማለትም ከፍታ ከዜሮ መቆጠር በሚጀምርበት የድሮ ነጥብ ነው፤ የመንገዱ በአዲሱ። በሁለቱ መካከል ግማሽ ሜትር ገደማ ልዩነት አለ። ማንም አላስታረቃቸውም። እንዲህ ከተሠራ ውሃው ከመንገዱ በላይ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው!

ከግድቡ ጀርባ እናቴ የምትኖርበት የአረጋውያን ቤት አለ። ክፍሏ ምድር ቤት ነው። ከሥራ ስወጣ ሄጄ ወደ ላይኛው ፎቅ እንድትዛወር ለመንኳት።

«ውሃው ይምጣ፤ እነዚህ ተንከባካቢዎች እንደሆኑ እግሬን ካጠቡኝ ሳምንታቸው» ብላ ሳቀች።

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«መንገዱን የምትሠራው አንተ አይደለህ እንዴ? ታዲያ ምን ያስፈራኛል?»

ቤቴ ስገባ ለኃላፊዬ ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ስሜን ፋቁልኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። ስሜ ቢፋቅ ግን ውሃው አይቀርም። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ ከፍታው እንደገና ይሰላ። ይሰላል ወይስ አይሰላም፣ እስከ ዓርብ ኅዳር 6 ድረስ ፈርማችሁ በጽሑፍ መልሱልኝ።