ረጅሙ ትንፋሽ

ውድ ጆሮዬ፣

መጀመሪያ አቤቱታዬን ስሚ። የእኔ ጓዳና ያንቺ ኮምፒውተር ተደምረው «የሙዚቃ አሳታሚ» ሲባሉ፣ የአሳታሚው አድራሻ ብለሽ የእኔን ስልክ እንዳስገባሽ ያወቅሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። አንድ ሰው ከአልበሞቻችን አንዱን ባወረደ ቁጥር ስልኬ «ጢን» ይላል። ከምሳ በኋላ ጨርቅ ክምር ላይ ጋደም ስል፣ ጢን። ስፒል በጥርሴ ነክሼ የሙሽራ ወገብ ስለካ፣ ጢን። ትናንት አንዲት ደንበኛ «በዚህ ዕድሜዎ ማን ነው እንዲህ የሚፈልግዎት?» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ልበላት? የማላውቃቸው ሰዎች የካውያዬን እንፋሎት ሊሰሙ ይሻማሉ ብላት፣ ጨርቋን ይዛ ወደ ጤነኛ ልብስ ሰፊ መሄዷ ነው። ስለዚህ የጢኑን ማጥፊያ እንድትነግሪኝ ነው የምጽፍልሽ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ዋሸሁ። ማጥፊያውን ካገኘሁት ቆየሁ። አላጠፋሁትም እንጂ። ጢን ባለ ቁጥር ከጓዳ ሆነሽ «አጎቴ፣ ሌላ ሰው ሰማን» የምትዪኝ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው በራስሽ ኮምፒውተር፣ በራስሽ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ ጣት ነው። አንዱን ፊደል እስካገኝ ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ነገሬ ቢዘበራረቅ ጣቴን ውቀሺ።

«ጆሮ» ብዬ ስም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። ገና በዳዴ ሳለሽ ጆሮሽን ግድግዳ ላይ ለጥፈሽ በቧንቧው ውስጥ የሚወርደውን ውኃ ታዳምጪ ነበር። እናትሽ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ስትጨነቅ፣ ተያት፣ የጎረቤት ወሬ እየሰበሰበችልን ነው አልኳት። አድገሽ፣ መቅረጫሽን ይዘሽ ሱቄ መጥተሽ፣ ጓዳህን አከራየኝ ስትዪኝም አልገረመኝም። የገረመኝ የቀረጽሽው ነገር ነው። የስፌት መኪናዬን ቀረጽሽ። መቀሴን ቀረጽሽ። አንድ ወፍራም ደንበኛ ሱሪው አልገባ ብሎት ሲያቃስት ቀረጽሽ። ያንን ሁሉ አንድ ላይ ሰፍተሽ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ስታደርጊልኝ ለረጅም ጊዜ በትዕግሥት ጠብቄ፣ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው አልኩሽ። «ጀምሯል፣ አጎቴ» አልሽኝ። እንግዲያው መቼ ነው የሚያልቀው አልኩሽ። ያኔ የሳቅሽውን ሳቅ ቀርጸሽው ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር በየቀኑ የማዳምጠው።

በነፃ መሆኑም ግራ አጋብቶኝ ነበር። ማንም እንዲያወርድ፣ ማንም እንዲቆርጥና እንዲቀጥል ፈቅደሽ ስትለቂው፣ ይህቺ ልጅ ሥራዋን መንገድ ላይ ደፍታ መምጣቷ ነው ብዬ ነበር። አንቺ ግን ማንም ሳይለምነኝ የቀረጽኩትን ድምፅ ሰው ከሰማልኝ እኔ ነኝ አመስጋኟ አልሽ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ከእኛው ካውያ የተወሰደ «እሽሽሽ» በማናውቀው አገር ሰው ሙዚቃ ውስጥ ተቀጥሎ ሲመጣ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ። ለካውያዬም ነገርኳት።

ከዚያ አባትሽ ታመመ።

ዕድሜውን ሙሉ እብነ በረድ ሲቆርጥ የዋጠው አቧራ ሳንባው ውስጥ ድንጋይ ሠራ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤት መለሱት፤ አልጋው አጠገብ ያ ኦክስጅን የሚሰጠው ማሽን ተተከለ። አንቺ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠሽ ማሽኑንና ትንፋሹን ታዳምጪ ነበር። አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልሽ ልቅረጽህ ወይ አልሽው። ያኔ ገና ጥቂት ጥቂት ይናገር ነበር። በቃልና በቃል መካከል እያረፈ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ... ዝም በል፣ ድምፅህ አያምርም... ስባል ኖሬ... አሁን ዘፋኝ ልታደርጊኝ ነው?» አለሽ። እኔ እግሩ ሥር ቆሜ ነበር። ሦስታችንም ሳቅን። ማሽኑም የሳቀ መሰለኝ።

እናትሽ አልሳቀችም። ማይኩን አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጸባይዋን ታውቂዋለሽ፤ ፎቶ ሲነሳ ከሰው ጀርባ የምትደበቅ ሴት ናት። ልብስ ስታጥብ ስታንጎራጉር ቀርጸሻት ያስቆጣሻትን ቀን አልረሳሁም። እዚያው ዓይኗ ሥር አስጠፋችሽ። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ድምፅ የእናቴ ነው ብለሽ ማልሽ፤ መሐላሽንም ጠበቅሽ።

ለዚህ ነው አባትሽ ካረፈ በኋላ፣ እዚህ ጓዳ ገብተሽ ያን ሁሉ ቅጂ ስታበጃጂ፣ እናትሽ የገባችበትን ቦታ ሁሉ እየፈለግሽ ያወጣሽው። ቀላል አልነበረም። እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ዝም ብላ አታውቅም። ቧንቧው እንደተሠራ፣ ጎረቤት የማይነሳ መኪና ገዝቶ ልጆቹን እያስገፋ እንደሚውል፣ ሽንኩርቱ እንደበሰበሰ ትነግረዋለች። አንቺ እያንዳንዱን ቃሏን ቆርጠሽ፣ ትንፋሹን ከትንፋሹ ጋር ገጣጠምሽ። ዓይንሽ ቀልቶ «አጎቴ፣ ስፌቱ ይታያል?» አልሽኝ። አዳመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ስሰፋ እንደዚያ ያለ ስፌት ሠርቼ አላውቅም። አይታይም አልኩሽ።

እንደ ልማዳችን አልበሙ ሲወጣ ጥሬው፣ ያልተቆረጠው ቅጂ ጠፋ። ብጣሽ የሚያጠራቅም ልብስ ሰፊ ቤቱ ብጣሽ ይሆናል እያልኩ የምቀልድባትን አባባል አንቺ የአሳታሚው ሕግ አድርገሻት ነበር። ያረጀው ሃርድ ዲስካችንም ከዚያ በላይ አይችልም ነበር።

የሚቀጥለውን አብረን ነው ያየነው፤ ግን አሁን ሳስበው ያየነው ነገር ሌላ፣ የሆነው ሌላ ነው። ማዳመጫውን ለእናትሽ ወስደሽ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጠሻት፣ በእጅሽ ጆሮዋ ላይ አደረግሽላት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። እስከ መጨረሻው ሳትንቀሳቀስ ሰማች። አውልቃ ጭንሽ ላይ አስቀመጠችልሽና፣

«ይሄ ውሸት ነው። አጥፊው» አለችሽ።

«አባዬ ራሱ ነው የፈቀደልኝ» አልሻት።

ሌላ ቃል አልተነጋገራችሁም። በዚያው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ሌላ ከተማ ሄድሽ። አንቺ «የአባቴን ሞት አደባባይ በማውጣቴ እናቴ አፍራብኛለች» ብለሽ ሄድሽ። እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ማጥፋቱንስ ማን ይችላል? ያን ጊዜ ስንቱ አውርዶታል። በነፃ የሄደ ነገር ተመለስ ሲሉት አይሰማም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ጢን አለና አንዲት ሴት የላከችው መልእክት መጣ። ስልኩ እንደተረጎመልኝ ከሆነ ነርስ ናት። የአባትሽን አልበም እየደጋገመች እንደምትሰማ ትናገራለች። ትንፋሹ እኩል እኩል ሲሄድ ይቆይና፣ በመሃል አንዳንድ ጊዜ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይመጣል፤ እሱን እየጠበቅሁ ነው የማዳምጠው፣ እንዴት አድርጋችሁ ሠራችሁት ትላለች።

እኔ ሞኙ፣ እናትሽን ደስ ያሰኛታል ብዬ ይዤላት ሄድኩ። አንሶላ ከገመድ ላይ አውርዳ እያጠፈች ነበር፤ አንዱን ጫፍ አስያዘችኝ። አንሶላውን ወጥረን እንደቆምን ነገርኳት። እትዬ፣ ባለቤትሽ በባሕር ማዶ አድናቂ አፍርቷል፣ ከሁሉ በላይ ረጅሙን ትንፋሹን ነው የወደዱለት አልኳት።

አንሶላው ከእጇ ላላ።

የነገረችኝን ልንገርሽ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አባትሽ መናገር ሲያቅተው፣ ሁለቱ ተስማምተው ነበር። እሷ የሆነውን ያልሆነውን ታወራለታለች፤ ሲደክማት «ትሰማኛለህ?» ትለዋለች። ከሰማ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይስባል። በቃ። ለእኛ አልነገሩንም፤ የባልና የሚስት ነገር ነው። እኛ ትንፋሽ ብቻ ነበር የመሰለን።

«መልሱን አስቀርታችሁ፣ ጠያቂዋን ጣላችኋት» አለችኝ። «ያን የሚሰማ ሰው ሁሉ ባሌ ብቻውን የሞተ ነው የሚመስለው።»

ጆሮዬ፣ ቀልድ የማያጣኝ ሰው፣ አንሶላ ይዤ እንደ ተሰቀለ ሸሚዝ ቀረሁ።

ለምን እንደቆረጥሽው ነገርኳት። የልብስ ማጠቢያውን እንጉርጉሮ አስታወስኳት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን ያለ ፈቃድሽ ላትነካ ምላለች፣ ላንቺ ክብር ብላ ነው፣ ዓይኗ እስኪቀላ ነው አንቺን ከዚያ ያወጣችሽ አልኳት። «ለእኔ ብላ?» አለች። ደግማ «ለእኔ ብላ?» አለች። ከዚያ፣ ጥሬው የት እንዳለ ጠየቀችኝ።

ያን ዕለት ጥሬው ቅጂ ምናልባት ተርፎሻል ወይ ብዬ የላክሁልሽ ለዚህ ነበር። «ጠፍቷል አጎቴ፣ ብጣሽ አናስቀምጥም እኮ» ብለሽ መለስሽልኝ። ለምን እንደጠየቅሁሽ አታውቂምና አልከፋብሽም። ለእናትሽ ስነግራት ግን የአንሶላውን ጫፍ ከእጄ ተቀብላ፣ የቀረውን ብቻዋን አጠፈችው። ያን ትልቅ አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን ሲያጥፈው አይተሽ ታውቂያለሽ? አገጯን አስገብታ፣ ደረቷ ላይ ይዛ፣ መሬት እንዳይነካ እየተንጠራራች። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ፤ እርዳኝ አላለችም።

ስለዚህ የምነግርሽ ይህን ነው። እናትሽ አላፈረችብሽም። ውሸት ያለችው አባትሽን አይደለም፤ አልጋው አጠገብ ባዶ ያስቀረነውን የእሷን ወንበር ነው። አንቺ ስታከብሪያት እሷ የተባረረች መሰላት፤ እሷ ስታዝን አንቺ የተረገምሽ መሰለሽ። አሁን ስልኳን አንስታ ቁጥርሽን እስከ መጨረሻው ትነካና፣ ከመጥራቱ በፊት ትዘጋዋለች። በዓይኔ አይቻለሁ። ልቧ ኩሩ ነው፤ ያንቺም ከማን እንደመጣ አላጣሁትም። እኔ መሃል ቆሜ ሁለታችሁንም ማሳቅ ነበር ሥራዬ። አባትሽ ከሄደ ወዲህ የሚያግዘኝ ጠፍቶ፣ ሥራው ከብዶኛል። የሱ ዝምታ የኔን ቀልድ ግማሽ ይሸከም ነበርና።

የጠፋው አይመለስም፤ ያን አውቃለሁ። ያን ድምፅ አምጪ አልልሽም። እኔ የምለው

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ዛሬ እሁድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው፤ ይህ ሰውዬ መቼም ሱሪው መንገድ ላይ ካልተቀደደበት በቀር...

ተመለስኩ። ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ወንበሩን ተነጥቄያለሁ። እናትሽ ናት።

በዚያ ጉልበቷ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ መጥታለች። ከቀብሩ ወዲህ እዚህ ሱቅ ረግጣ አታውቅም፤ ጓዳውንማ ከተፈጠረች ገብታበት አታውቅም። በጨርቆቹ መካከል ቀጥ ብላ አልፋ ገባች። ግድግዳው ላይ የለጠፍሽውን የእንቁላል ካርቶን በእጇ ዳበሰችው። ሻይ ላፍላልሽ ብላት አልሰማችኝም። ዞር በል አለችኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ያልኩትን ሁሉ አስታውሰዋለሁ» አለች። «የቧንቧውን፣ የመኪናውን፣ ሁሉንም። እንደገና እለዋለሁ። አብራው።»

ማይኩን ከፊቷ አቆምኩላት፤ ፊቷን አላዞረችም። መቅረጫሽን አበራሁ፣ ቀይዋ መብራት መጣች። አፏን ከፈተች፣ ከዚያ መልሳ ገጠመችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ከጠየቅሁት በኋላ፣ እሱ እስኪመልስ ምን ያህል ዝም ልበል?»

ጆሮዬ፣ እኔ ወገብና ክንድ እንጂ ዝምታ ለክቼ አላውቅም። አንቺ ግን እያንዳንዷን በእጅሽ ቆርጠሻታል፤ ልኳን ታውቂያለሽ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እየጠበቀች ነው። ይህን ልኬ ወዲያው እደውልልሻለሁ። የሚያናግርሽ እኔ አይደለሁም፤ ስልኩን ለእሷ ነው የምሰጣት።

አንሺው።

አጎትሽ