ለሚካኤል ብቻ የነገርኩት ፍሬን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአያ አዳሙ፣ አዲ አርቃይ።

ከወንድማችን ከአንዱዓለም አርባ ወዲህ እንደምን ከረማችሁ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እናታችን እህል መቅመስ ጀመረች ወይ? እኔ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ የውሸት ድርሻዬን ጨርሻለሁ።

አያ፣ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ሲል እኔ አቀርቅሬ ዝም አልኩ። ሰው ሐዘን ብቻ መሰለው። ያቺን የጭነት ማኪና ግን ከእሱ በፊት የምነዳት እኔ ነበርኩ። ኅዳር ዘጠኝ ቀን በኮሶዬ ቁልቁለት ስወርድ ፍሬኑ እግሬ ሥር ሟሟ። በከባድ ማርሽ ይዤ ከአፈር ክምር ጋር አላተምኳት፤ ቆመች። እኔም እሷም ጭረት አላገኘንም።

እዚህ ሹፌር ከሞት ሲተርፍ ለማን እንደሚያመለክት ታውቃለህ። ለስምሪት ኃላፊያችን ለአቶ ዕንባቆም ብናገር ቅጹ ከሁሉ በፊት «ጥፋተኛው ማን ነው?» ይላል፤ ከዚያ ቁልፍህን ቀምቶ ወር ሙሉ ግቢ ያስጠርግሃል። ቅዱስ ሚካኤል ቅጽ አያስሞላም። ስለዚህ ጥላ ተሳልኩ። የፍሬኑን ነገር ከበዓሉ በኋላ ለመካኒኩ ሹክ እለዋለሁ አልኩ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ስለቴን ላስገባ ፈቃድ ወጣሁ። ጉዞዬን አንዱዓለም ተቀበለኝ። ቁልፉን የሰጠሁት በዚህ እጄ ነው። «እንዴት ናት?» አለኝ። ዕንባቆም አጠገባችን ቆሟል። «ሸጋ ናት» አልኩት። «ምነው ታዲያ ፊትህ ጠቆረ፣ ልትድራት ነው እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ወጣ። ሊማሊሞ ላይ ቀረ። እሱ ገደል ሲገባ እኔ በአዲሱ ጥላ እልል ይባልልኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በግምገማ ላይ ሪፖርቱ ተነበበ፤ «የአሽከርካሪው ጥፋት» ይላል። አላስቻለኝም። ቁልፌን ራሴው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ። አላምረው የሚባል አንጋፋ ሹፌር ተነሣና «እኔም በዚያችው ማኪና ሰበብ ለገብርኤል ጥላ አስገብቻለሁ» አለ። ከኋላ አንዱ «የእኔ መጋረጃ ነው፣ ለማርያም» አለ። ከአንዲት ማኪና ሦስት ስለት፤ መዝገባችን ላይ ግን አንድ መስመር የለም። ታቦታቱ ስብሰባ ቢቀመጡ ኖሮ ማኪናዋን ያቆሟት ነበር።

ዕንባቆም ቅጹን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለውን ሰረዘና «ምን ሊሆን ነበር?» ብሎ ጻፈበት። የጻፈ ሰው ቁልፉ አይነካም ብሎም በሁላችን ፊት ማለ። አሁን ሰው ይጽፋል። ትናንት አላምረው መሪ ይዞ እንቅልፍ ሸለብ እንዳደረገው ጻፈ፤ ማንም አልሰደበው፣ ሂድ ተኛ ተባለ። የአንዱዓለም ስምም ከሪፖርቱ ወጣ። በእኔ ስም ይተካ ብል ግን አንተካም አሉኝ፤ ቁልፌንም መለሱልኝ። አያ፣ ግቢውን ዕድሜ ልኬን ብጠርግ ይሻለኝ ነበር።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ። ለባለቤትህ ለይርገዱ፣ ለልጆቹ ለፍሬና ለሚስጥር ሰላምታዬ ይድረስ። ለአንዱዓለም ሚስት ለፀደንያ ግን ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም። ይህን ወረቀት ከእናታችንም በፊት ለእሷ አንብብላት፣ አንድም ቃል አትዝለል። ይምጣ ካለች በማግስቱ እመጣለሁ። አይምጣ ካለችም፣ አያ፣ አታግባባት።

ወንድምህ ጌትነት
ጎንደር፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.