ለብሪን የጨመርኩት ቁጥር

ውድ ዶይል፣

የዘንድሮው የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ፕሮግራም ሲለጠፍ መጀመሪያ የፈለግኩት የአዲሱን ኮሌጅህን ስም ነው። አገኘሁት። የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ቡድንህን ይዘህ ወደ እኛ ኮሌጅ፣ ኮርዴል፣ ትመጣለህ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየጮህክ በኖርክበት አዳራሽ እንግዳ ሆነህ በግራ በኩል ልትቀመጥ ነው። ከመምጣትህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር ስላለ እጽፍልሃለሁ። በስልክ ብነግርህ ታቋርጠኛለህ፤ ባለፈው ግንቦትም ያደረግከው ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ የጨዋታ መዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ አትፈልገኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ብዕሩን ከእጄ ወስደውታል። እንዳታዝንልኝ ደግሞ፤ ለዚህ አልጻፍኩልህም።

ያን የመጋቢት ከሰዓት ታስታውሳለህ። መጻሕፍትህን በካርቶን እያሸግክ ነበር። ለሚተካህ አሰልጣኝ አሥራ አራት ስም አስረክብ ተብለሃል፤ ልጆቹ ግን አሥራ አምስት ናቸው። እኔ ራሴ አትሜ የሰጠሁህ፣ እያንዳንዷ ስንት ለነጥብ የበቃ ኳስ እንዳቀበለች፣ ስንት አሲስት እንዳላት የሚናገር ወረቀት ፊትህ ተዘርግቶ፣ ጣትህ ብሪን ሆስኪንስ የሚለው ስም ላይ ቆሞ ቀረ። ሁለተኛ ዓመቷን የጨረሰችው ኳስ አከፋፋያችን።

"ዋንዳ፣ ይቺ ልጅ ተሻሽላለች ትያለሽ?" አልከኝ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"ዓይኔን ከጠየቅሽው ተሻሽላለች ነው የሚለኝ። አምና ኳስ በያዘች ቁጥር ከወንበሬ እነሳ ነበር። ዘንድሮ እግሬን አነባብሬ ነው ያየኋት። ወረቀትሽ ግን ሌላ ነገር ነው የሚያወራው። አምና በጨዋታ አምስት ነጥብ ሁለት አሲስት፣ ዘንድሮ አራት ነጥብ ሰባት። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ቁልቁል የምትሄድ ልጅ ምን ላድርጋት?"

"ዶይል፣ እሱ እኮ..."

"ቁጥር አይዋሽም፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ" አልከኝና ስሟን ሰረዝከው።

እኔም የማውቀውን ሳልነግርህ ወጣሁ። ያን ቀን እንደናቅኩት ራሴን ንቄው አላውቅም።

ያስተማርኩህ እኔ መሆኔ እውነት ነው። ክፍል ውስጥ ስታቲስቲክስ የማስተምራቸው ልጆች እያዛጉ ሲያዳምጡኝ፣ አንተ ግን ከዓመታት በፊት በሚሊ ምግብ ቤት ያን ከዳቦው ሦስት እጥፍ የሚሰፋ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ እየበላህ አፍህን ከፍተህ ሰማኸኝ። በወረቀት መሐረብ ላይ ጽፌ ነበር ያሳየሁህ። የምትወዳት ጯሂ አጥቂ ሜዳ ላይ ስትሆን ቡድኑ እንደሚሸነፍ፣ ዝምተኛዋ ስትገባ እንደሚያሸንፍ። "ዓይንህ ጩኸት ይወዳል፣ ዓይንህን አትመነው" ብዬህ ተሳሳቅን። በዚያው ዓመት ዋንጫ በላህ። ከዚያ ወዲህ ማን ይግባ ማን ይውጣ በተባለ ቁጥር "ዋንዳ ምን አለች?" ሆነ ነገሩ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽህ።

አሁን ወረቀቱ እንዴት እንደተሠራ ልንገርህ። የነጥብ ማጭበርበር የለም፤ ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ አዳራሹ ሁሉ ያያል። አሲስት ግን የመዝጋቢው ፍርድ ነው። አንዷ ታቀብላለች፣ ሌላዋ ወዲያው ታስቆጥራለች፣ ይሄ ግልጽ ነው። ተቀባይዋ ኳሱን ሦስት ጊዜ አንጥራ፣ ሁለት ሰው አታልላ፣ ዞራ ብታስገባስ? ያኔ ያቀበለችው ምንም አልሠራችም። የራስህ ልጅ ስትሆን ግን እጅህ ይላላል። በሊጉ ሁሉ ያለ ልማድ ነው፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ የምንቀመጠው "የቤት አሲስት" እንለዋለን። አንተም ታውቀዋለህ። "ዛሬ የዋንዳ እጅ ተፈትቷል!" እያልክ ስንት ጊዜ ሳቅክ።

ለብሪን ግን ከልማዱም አለፍኩ። ያሳደጓት አያቷ ኦርቪል ትራክተር ተገልብጦባቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ ወዲህ ከቤት አይወጡም። ጨዋታውን የሚከታተሉት በሬዲዮ፣ በአስተላላፊው በላይል ድምፅ ነው። ላይል ደግሞ በእያንዳንዱ አጋማሽ መጨረሻ የሚያነበው የእኔን ወረቀት ነው። በመጀመሪያ ዓመቷ፣ ገና ኳስ የሚያመልጣት ጊዜ፣ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። "ሚስ ስታውፈር፣ አያቴ ደውሎ 'ሰባት! ሰባት አቀበልሽ አይደል!' ብሎ ጮኸ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ቀን የእውነቱ አራት ነበር፣ ዶይል። ከዚያ በኋላ በየጨዋታው እኔው ስጨምር ከረምኩ። የቫለሪ ኮሌጅን የገጠምን ዕለት አሥራ አራት አደረስኩላትና የኮሌጁ ክብረ ወሰን ተባለ። ስሟን በነሐስ ቀርጸው በአዳራሹ መግቢያ ግድግዳ ላይ አሰሩት።

የዚያ ዓመት ውድድር ሲያልቅ ሊጉ ደብዳቤ ላከልኝ። ትሕትና የተሞላ፣ አንድ አንቀጽ። "ተጫዋች ሆስኪንስ በሜዳዋ በአማካይ ሰባት፣ ከሜዳዋ ውጭ ሦስት ነጥብ አራት። አመዘጋገብዎን ቢያጤኑት።" ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ወረቀቱን አጣጥፌ ደበቅኩት። የስታቲስቲክስ መምህርት ነኝ እኮ! ፊቴ በርበሬ መሰለ። በሚቀጥለው ዓመት እጄ ተቆለፈ፣ በጣም የማያጠራጥረውን ካልሆነ አልጽፍም አልኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። ጥፋቴ ይሄ ነው። ያ ወረቀትህ ያነጻጸረው ሁለት ዋንዳዎችን ነበር፤ ብሪን በመካከላቸው ወደቀች።

ስሟን ከሰረዝክ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የመጀመሪያ ዓመቷን አሥራ ሦስት የሜዳ ጨዋታዎች ቪዲዮ አውጥቼ፣ ጠላቴ እንደሆነች አድርጌ እንደገና ቆጠርኩ። ሦስት ነጥብ አምስት። በሁለተኛው ዓመት በዚያው ሜዳ አራት ነጥብ ስድስት። ከሜዳ ውጭ ደግሞ፣ የማይወዷት የተጋጣሚ መዝጋቢዎች በቆጠሩት፣ ከሦስት ነጥብ አራት ወደ አራት ነጥብ ስምንት። ከየትም ብታየው ልጅቷ ተሻሽላለች። ዓይንህ ልክ ነበር፣ ዶይል። ዓይንህን አትመን ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ግን ልክ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

በግንቦት ደወልኩልህና ሁሉንም ዘረገፍኩት። ምን እንዳልከኝ አልረሳውም።

"እኔስ የማላውቅ ይመስልሻል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ? የሆነ ሰው መሰረዝ ነበረበት ዋንዳ፣ ወረቀቱ ምክንያት ሰጠኝ።"

"እንግዲያው ለአዲሷ አሰልጣኝ ደውልና ንገራት!"

"ተይው በቃ። ጠረጴዛውን ይወስዱብሻል። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሽውን ስም በገዛ እጅሽ አፈር ልታስግጪው ነው? ልጅቷ እንደሆነ ሌላ ነገር ትጀምራለች።"

"ዶይል፣ ስማኝ..." ስል ስልኩ ተዘግቷል።

የጀመረችውን ሌላ ነገር ልንገርህ። የእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ በቆሎና አኩሪ አተር የጫነ መኪና ስትመዝን ትውል ነበር። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋን ለምና አዳራሹን እያስከፈተች ብቻዋን ትለማመዳለች። ምንም ቡድን ሳይኖራት። ሚዛኑ ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ኮፍያዋን አውልቃ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አሥራ አራቱስ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ዘጠኝ ነው።"

"ዘጠኝ!" መስኮቱን በመዳፏ መታችው። "ማን ጠየቀዎት? እኔ ለምኜዎታለሁ? መጀመሪያ የማይገባኝን ሰጡኝ፣ ከዚያ የሚገባኝን ነጠቁኝ፣ እኔ መሃል ላይ ምን ላድርግ?"

"ልክ ነሽ።"

"ልክ መሆኔን አውቃለሁ!" ውጭ የቆመው ሾፌር ጥሩምባውን ሲነፋ "ጠብቅ!" ብላ ጮኸችበት። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ለአያቴ ግን እንዳይነግሩት። እባክዎን። እሱ በዚያ ቁጥር ነው የሚኖረው።"

አልሰማኋትም። ለኮሌጁ ዲን ከመንገሬ በፊት አያቷ ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው ብዬ በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ኦርቪል በተሽከርካሪ ወንበራቸው በረንዳ ላይ ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሼ ቀና ስል ይስቃሉ።

"እዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ አምጪልኝ" አሉኝ።

ከመኖ መደብር በነጻ የሚታደለው ዓይነት፣ የአምናው ሳይሆን የካቻምናው። በየጨዋታው ቀን ላይ በእርሳስ ጭረት ጭረት ተሰምሯል። የቫለሪ ጨዋታ ላይ ጭረቱን ቆጠርኩት። ዘጠኝ።

"ላይል ኳሱን ማን ሰጥቶ ማን እንደተቀበለ በየሰኮንዱ ይለፈልፋል እኮ። እግሬ ነው እንጂ የሞተው ጆሮዬ መች ሞተ?" አሉኝ። "ይቺ ሴትዮ ልጄን ወዳታለች ብዬ ዝም አልኩሽ። ልጅቷም በቁጥሩ ደስ ያላት መስሎኝ እየጮህኩ እደውልላት ነበር። ቁጥሩ ከቡድን የሚያስወጣት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ያን ጊዜውኑ በሬዲዮ አስነግርብሽ ነበር!"

ሬዲዮ ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌ ሜዳው ጠርዝ ላይ ከተቀመጥኩት ከእኔ በልጠው በሐቅ ቆጥረዋል። አፈርኩ፣ ግን ከዚያች በረንዳ ስወርድ ትከሻዬ ቀሎኝ ነበር። በቀጥታ ወደ ዲኑ ሄጄ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ቪዲዮዎቹንና የሊጉን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገኑኝና ብዕሩን ተቀበሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ብሪን መፍቻ ይዛ መጣች። ወንበር ላይ ወጥታ የነሐስ ሰሌዳውን ራሷ ፈታችው። ድሮ የነበረው የአሥራ አንድ ክብረ ወሰን ተመልሶ ይሰቀላል ስላት አቧራውን ከእጇ አራግፋ "አሥራ አንድ ሩቅ አይደለም" አለችኝ። ይቅር ብላኛለች ማለቴ አይደለም። እስከ ዛሬም አላለችኝም።

አዲሷ አሰልጣኝ ማርጊት ሎው እንደገና የቆጠርኩበትን ወረቀት እስከ መጨረሻው አነበበችው። "ቁጥሩን አየሁት፤ አሁን ልጅቷን ልያት" ብላ በጥቅምት ለሁሉም ክፍት የሆነ የተጫዋቾች መምረጫ ፈተና ላይ ጠራቻት። ብሪን ከአሥራ አራቱ ላይ ተጨምራ አሥራ አምስተኛ፣ የመጨረሻ ሆና ገባች። ከገና በፊት ቋሚ ተሰላፊ ሆነች።

በእኔ ቦታ የተቀመጠው ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ለወለደችው እናቱም አሲስት የማይጽፍ ሰው። በእሱ አቆጣጠር፣ እስከ ትናንቱ ጨዋታ ድረስ ብሪን አምስት ነጥብ ሦስት ላይ ናት። እኔ ከዋሸሁላት አምስት ነጥብ ሁለት በአንድ አሥረኛ ይበልጣል። ወረቀቱን ደጋግሜ አየሁት፤ አልቅሼም ነበር፣ ልደብቅህ አልፈልግም።

ስምሽን አፈር ታስግጪዋለሽ ባልከኝ ደግሞ ተሳስተሃል። ከተማው ግማሹ ይስቅብኛል፣ ግማሹ ሰላምታ ነስቶኛል፣ ሚሊ ግን ዛሬም ኬኬን ትቆርጥልኛለች። ክፍል ውስጥም የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ የራሴ ጥፋት ሆኗል፤ ልጆቹ ማዛጋት ትተዋል። ያን ልጅ በመውደዴ ይቅርታ አልጠይቅም። ዝም በማለቴ ግን እጠይቃለሁ፣ ጠይቄያለሁም። ያንተን ዝምታ ግን ልሸከምልህ አልችልም፤ የራስህ ነው፣ ስትመጣ ይዘኸው ና።

የዚያን ቅዳሜ ከአንተ ወንበር ትይዩ፣ የተሽከርካሪ ወንበር ማስገቢያው ጋ ተቀምጬ ታየኛለህ። ኦርቪል ከአደጋው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳራሽ ሊገቡ ነው፤ የላይልን ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ፣ ቀን መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። እርሳሱን እኔ ቀርጼላቸዋለሁ። ብሪን ባለፈው ሳምንት ከሜዳ ውጭ በአንድ ጨዋታ አሥር አቀብላለች፣ ፖስተኛውም አብሮ ተጉዞ አልካደም። ክብረ ወሰኑ ላይ ለመድረስ አንድ ብቻ ቀርቷታል፤ ለመብለጥ ሁለት።

ጎበዝ የምትላቸውን ተከላካዮችህን ሁሉ አሰልፍባት። ወረቀት ግን ከእኔ አትጠብቅ። ዓይንህን ይዘህ ና።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠገብህ የተቀመጥኩት፣
ዋንዳ ስታውፈር