ቤቴ ያለው ተኳሽ

ነሐሴ 12 ቀን 2006 ዓ.ም

መብራት የለም። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቆሟል፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ዝንብ አባርራለሁ። የሰፈራችን የሲቀላ ሙቀት ዛሬ ሰው ይገላል። ምሳዬን ልብላ ብዬ ቤት ሄድኩ... ሽማግሌው በረንዳ ላይ ተጎልቷል። የባሌ አባት፣ ኦይታ። ለዓይኑ ሕክምና ብሎ ከደጋው ከጨንቻ ወረደ፤ ዓይኑ ዳነ፣ እሱ ግን እዚሁ ቀረ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

ልጄ ኢያኤል ደግሞ እግሩ ሥር፣ እንደ ሁልጊዜው።

"ናቅፋ ላይ ሦስት ቀን ድንጋይ ሥር ተኛሁ። ውሃ የለም። የጠዋት ጤዛ ከድንጋዩ ላይ እልሳለሁ። የጠመንጃው መነጽር በፀሐይ እንዳያበራ ካልሲዬን አለበስኩት። ከዚያ ያ ሰውዬ ብቅ አለ..."

"ከዚያስ አባባ?"

"ትንፋሼን ያዝኩ። ጧ! ከዚያ በሆዴ ተስቤ ተመለስኩ።"

ሁልጊዜ ይመለሳል። ወንድሜ ሰይፈሥላሴ ባድመ ሄዶ አልተመለሰም፤ እሱን ማን ያውራው? አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱን እየጠበቀ ቤት ተቀምጧል። ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጠዋት ማታ ጆሮው ውስጥ ይተኩስበታል!

"አባባ፣ ምሳ ቀርቧል" አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

"ቆይ አንተ፣ ልጨርስ።"

አማርኛውን የተማረው ጦር ሠፈር ነው፤ ሴቱም ወንዱም "አንተ" ነው። ደሜ ፈላ። ምሳው ይቀዝቅዝበት።

ነሐሴ 20

ውጤት መጣ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አይደለም። ልጁን አልተቆጣሁም... ምን ብዬ?

ለኤርጫፎ ደወልኩለት። ባሌ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ባየው ነው። "ከኔ ጋር ረዳት ይሁን፣ ቀስ ብሎ መንጃ ፈቃድ ያወጣል" አለ። ረዳት! ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬ... ይሁን። ረዳት ሆኖ በሕይወት ይኑርልኝ።

ሽማግሌው ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? "ልጁ ዓይኑ ጥሩ ነው። ጥሩ ዓይን ሥራ አያጣም።"

የምን ሥራ? ብዬ አፈጠጥኩበት። ሳቀ። የሚያስቀው ነገር አይታየኝም።

ነሐሴ 28

የወታደር ምልመላ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሄጄ አላነበብኩትም፣ ማሽኔ ነው የነገረኝ። ከጠዋት ጀምሮ ጎረምሳ ሁሉ ማስረጃውን ይዞ ኮፒ ሊያስደርግ ይሰለፋል። የጎረቤቴ የልክነሽ ልጅም መጣ። "እናትህ ታውቃለች?" አልኩት። መሬት መሬት አየ። እኔስ ምን አደረግሁ? ኮፒ አድርጌ ሰጠሁት። የሰው ልጅ ሲሆን እጄ መች ተንቀጠቀጠ...

ማታ ኢያኤልን ፊት ፊቱን አየሁት። ምንም የለበትም። ወይስ ይደብቀኛል? ሽማግሌው እንደሆነ ትንፋሽ አያያዝ ያስተምረዋል። "ልብ በመታና በመታ መሀል ነው የሚተኮስ።" ኤጭ! ይሄ ሰው ልጄን ሳያስበላኝ አይተኛም።

መስከረም 4 ቀን 2007 ዓ.ም

ጫኖ ለቅሶ ሄድን። የባሌ አጎት ሚስት ናቸው የሞቱት። ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጫለሁ። አንድ ነጭ ጺም ያለው ሰው፣ የማንጎ አትክልት ያለው ሀብተሚካኤል የሚባል፣ ከበር ላይ ሲያየው ለቅሶውን ረስቶ ጮኸ።

"ጭልፋ! ኦይታ ጭልፋ! አለህ እንዴ?"

ተቃቀፉ። የሽማግሌው ፊት ግን አመድ መሰለ። ወዲያው ቀብር ሊያስፈጽም ከወንዶቹ ጋር ወጣ። ሀብተሚካኤል እግሩን ያመዋል፣ ከኛ ጋር ቀረ። እኔ ደግሞ ዝም የምል ሰው አይደለሁ።

"ጭልፋ ማለት ምንድን ነው ጋሼ?"

"ወጥ ቤታችን ነበር እኮ! ሻለቃውን በሙሉ ያበላ ነበር። እሳት ሲዘንብ ምስር ወጡን ተሸክሞ ምሽግ ድረስ ይመጣል። እንደሱ ያለ ደፋር አላየሁም።"

"አልሞ ተኳሽ አልነበረም?"

"ኦይታ?" ሳቀ። "ተኳሹማ ይበልጣል የሚባል ነበር፣ ጎጃሜው። የሱ ጓደኛ። መነጽሩን ካልሲ የሚያለብሰው..." የሚያመውን እግሩን አሻሸ። "አንድ ቀን እንደወጣ ቀረ። ኦይታ ራቱን ከድኖ ስንት ቀን ጠበቀው። ከጦሩ ወዲህ ኦይታን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።"

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለቅሶ ቤት! እግዜር ይቅር ይበለኝ። አንተ ውሸታም ሽማግሌ፣ ያዝኩህ።

መስከረም 12

እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለኢያኤል ብቻውን ብነግረው? አያምነኝም፣ "ሁሌም አትወጂውም" ነው የሚለኝ። ሰው ባለበት መሆን አለበት።

የባሌ እህት አርሴማ ሱቅ መጣች። ለመስቀል ጨንቻ ስንወጣ ምን ምን እንደምንይዝ ስናወራ ቆየንና ድንገት "ዘርፈሽ፣ ከአባባ ጋር ቂም አለሽ?" አለችኝ።

"የምን ቂም?"

"ካለ አሁን ይነገርና ታረቁ። እኛ ጋ ቂም ይዞ የመስቀልን ሥጋ መብላት ከባድ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ቀድመው የሚጠይቁት ይሄንን ነው።"

"ምንም የለም" አልኩ። እነሱ እንደሆኑ ሁሉ ነገር ነውር ነው። ልጅ ማስበላቱስ?

መስከረም 18

ከጨንቻ ገና መውረዳችን ነው። ጋቢዬን ገና አላወለቅሁም። ከብርዱ ይሆናል...

ትናንት ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሥጋው ተቆርጧል፣ የሚያቃጥለው ዳጣ ከሥጋው ጎን ቀርቧል፣ የቦርዴው ዋንጫ ይዞራል። ከመብላታችን በፊት የሽማግሌው ታላቅ ወንድም አባ ወልደ ሚካኤል ተነስተው "ሆዱ ውስጥ ቂም የያዘ ሰው አለ?" ብለው ዙሪያውን አዩ። እኔን ሲያዩኝ አቀረቀርኩ። በላሁ። አጣጥሜ በላሁ።

ከዚያ ልጆቹ "አባባ ንገረን" አሉ። ጀመረ። ናቅፋ፣ ድንጋይ፣ ጤዛ። እስከዚህ ቻልኩት። መጨረሻ ላይ ግን የኢያኤልን ትከሻ ይዞ "የኔን ሙያ የሚወርሰው ይሄ ነው" አለ።

"የቱን ሙያ አባባ? ወጥ መሥራቱን?"

አላቆምኩም። ሀብተሚካኤል ያለኝን አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። ጭልፋ መባሉን፣ ታሪኩ የሟች መሆኑን፣ ተኳሹ ሄዶ መቅረቱን። ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ፣ ግን እንዴት ላቁም? ከጎረምሶቹ አንዱ "ጭልፋ!" ብሎ ፈነዳ፣ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሽማግሌው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ጠረገና ወደ ጉሙ ወጣ።

አባ ወልደ ሚካኤል ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ይሄን ይዘሽ ነው ሥጋችንን የበላሽው?"

እኔን! የዋሸው እሱ፣ ጥፋተኛዋ እኔ! የሰው አገር ሰው ነሽ ለማለት ነው። ቢሆንም ደስ ብሎኛል። ልጄ ሰምቷል። ተረቱ አልቋል።

...ደስ ብሎኛል ወይ?

መስከረም 23

ኢያኤል አያናግረኝም። እኔንም፣ ሽማግሌውንም። የአክስቱ ልጆች ወሬውን ለሲቀላ በሙሉ አዳርሰውታል። ዛሬ በሱቄ በር ሲያልፍ የባጃጅ ሾፌሮቹ "ጭልፋ! የጭልፋ ልጅ ልጅ!" ብለው ጮሁበት። ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ወጥቼ ሰደብኳቸው፣ ይባስ ሳቁ።

ኤርጫፎ ለመስቀል መንገድ ላይ ነበር፤ ዛሬ ሰምቶ ደወለ። "አባቴን በመስቀል ቀን?" ብሎ ዘጋው።

መስከረም 27

ኢያኤል ለውትድርና ተመዘገበ። ኮፒውን እኔ እንዳላይ ላይኛው ከተማ ሴቻ ድረስ ሄዶ ነው ያስደረገው።

"አልነገርኩህም ወይ! ውሸት መሆኑን፣ እውነተኛው ሰውዬ መሞቱን አልሰማህም ወይ!" ጮኽኩ። ጎረቤት ሰማ፣ ይስማ።

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"እኔ ልሄድ ነበር እንዴ እማ? ማን ነገረሽ? ከአባዬ ጋር መኪና ላይ ልወጣ ነበር። ወሬው ይበቃኝ ነበር።"

"ታዲያ አሁንም እሱኑ..."

"አሁን በየት በኩል ልለፍ? ሁሉም ይስቅብኛል። አባባ ቀና ብሎ አያየኝም። ከመሀላችን አንድ ሰው እውነት ቢያደርገው ነው የሚሻለው።"

እግሩ ላይ ወደቅሁ። አነሳኝ፣ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ወጣ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ጥቅምት 9

ሄደ። መናኸሪያ አልሸኝህም አልኩት፣ ከዚያ ሮጬ ደረስኩ፤ መኪናው ሲወጣ ጀርባውን አየሁት።

ኅዳር 15

ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ነን፣ እኔና ሽማግሌው። ጨንቻ ተመልሶ አይሄድም፣ በምን ፊቱ። እኔ የሠራሁትን አይበላም። ጓሮ ድንጋይ ጎልቶ ራሱ ያበስላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድስት ነክቶ አያውቅም ነበር... አሁን የሚደብቀው የለማ። ትንሽ አድርጎ መሥራት አይችልም፣ ትልቁን ድስት እስካፉ ይሞላዋል። ለጎረቤት እንሰጣለን።

ዛሬ ሰሃን ሞልቶ ፊቴ አስቀመጠ። ምስር። በላሁ። ባሌን ካገባሁ እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም፣ ይሄም አናደደኝ።

"ለምንድን ነው የዋሹት?" አልኩት።

እሳቱን ቆሰቆሰ። "ይበልጣል ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሲወጣ 'ራቴን ክደንልኝ' አለኝ። እኔ ሳወራው ይመለሳል። ሌላ የት ይመለሳል?"

"ልጄን አስበሉኝ።"

"እኔ ነኝ?" አለ። ቀና ብሎ አየኝ። "እኔ ብቻ ነኝ?"

ሰሃኑን ትቼ ገባሁ። እጠላዋለሁ። ራሴንም።

ጥር 3

ሱቅ ውስጥ እያለሁ ስልክ ጮኸ። ኢያኤል! ድምፁ ወፍሯል።

"እማ፣ ተመረጥኩ! ከሁሉም በላይ ያነጣጠርኩት እኔ ነኝ። አልሞ ተኳሽ። አሠልጣኙ ትንፋሽ አያያዝ ማን አስተማረህ አለኝ... ለአባባ ንገሪልኝ እሺ? እውነት ሆነ በይው።"

"እሺ የኔ ጌታ" አልኩ። ደንበኛው ኮፒውን እየጠበቀ ነው። ስንት ኮፒ እንዳለኝ ጠፋኝ።

ቤት ስደርስ አባባ በር ላይ ቆመው ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ሱቁ ደጃፍ የነበረችው አርሴማ ቀድማኝ መደወሉን ብቻ ነግራቸዋለች። ከመስቀል ወዲህ ምን ያህል እንደከሱ ዛሬ ነው ያየሁት። ጉንጫቸው ገብቷል።

"ምን ላይ መደቡት?" አሉኝ። ድምፃቸው አይሰማም።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አንተ ነህ ያስተማርከው፣ ደስ ይበልህ፣ ልል። እግዜር ያውቃል፣ ልለው ነበር።

"ወጥ ቤት" አልኩ።

"ወጥ ቤት?"

"አዎ። ሰው ጎደለባቸውና..."

ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እሰይ" አሉ። "እሰይ። ወጥ ቤት ከኋላ ነው።"

ጥር 21

በየቀኑ ይጠይቁኛል። ከሱቅ ስገባ በረንዳ ላይ ናቸው። ዝም ብዬ ላልፍ ስል "ዛሬስ?" ይሉኛል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቃል ነበር የምለው። አሁን መንገድ ላይ እያሰብኩ ነው የምመጣው። እንጨቱ እርጥብ መሆኑን፣ ሽንኩርት ሲልጥ ማልቀሱን፣ የወጥ ቤቱ አለቃ የሶዶ ሰው መሆኑን፣ ሲቆጣ ክዳን እንደሚወረውር። ይስቃሉ። ትናንት እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ መኝታ ቤት ገብቼ ትራስ ነከስኩ።

ኤርጫፎ እውነቱን ያውቃል። "እስከ መቼ?" አለኝ። እኔ ምን አባቴ አውቃለሁ።

የካቲት 19

ልጆቹ ከማሰልጠኛ ወጥተው ድንበር ከሄዱ ወዲህ ስልክ የለም። የልክነሽ ልጅም አልደወለም። እሷ ሱቄ ትመጣለች፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ሁለታችንም ስልካችንን እናያለን። ኮፒውን ማን ሠራለት ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

ማታ ስገባ አባባ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመው ጠበቁኝ።

"ደወለ?"

"ደወለ።"

"ዛሬ ምን ሠሩ?"

"ሽሮ" አልኩ።

"ለስንት ሰው?"

"ለሻለቃው በሙሉ። ብቻውን።"

ብዙ አሰቡ። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፣ የምሬን ነው፣ ይታያል።

"ለብዙ ሰው ሲሆን ጨው ያታልላል" አሉ። "እንዳያበዛ ንገረው።"

"እነግረዋለሁ አባባ" አልኩ።