ለሚጣ ደንበኞች ያልነገርናቸው

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣
ፈተና ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው

እማዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱስ በረታብሽ? በስልክ ደህና ነኝ ብልሽ ከድምፄ ስለምታውቂብኝ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው። እበላለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ አክስቴም እየመጣች ታድራለች። የሚጣን ክፍል በር ግን ልክፈተው ወይስ ልዝጋው ገና አልወሰንኩም። ሲከፈትም ሲዘጋም ያስደነግጠኛል።

ባለፈው እዚያ ስለምትማሪው የኃላፊዎች ኮርስ ስታወሪኝ፣ ሚጣ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅሽ ሞቅ አለ። እናንተ አንጋፋ ኃላፊዎች መንገድ ላይ ወጥታችሁ ለማታውቁት ሰው ዕቃ ሽጡ ተብላችሁ፣ የባንኩ ፕሬዚዳንት አንድም ሰው ሳያናግር በላብ ተነክሮ መመለሱን ስትነግሪኝ ሳቅሁ። "ያን ሁሉ ዓመት የጫማ ፋብሪካ ስመራ መልስ ስሰጥ ነው የኖርኩት፤ እዚህ ጠይቆ ዝም ማለትን ተማርኩ" አልሽኝ። እውነትም ተምረሻል። ድሮ ቢሆን የሚጣን የጫማ ወርክሾፕ ይዘጋ ወይም ይቀጥል ብለሽ ራስሽ ትቆርጪው ነበር። አሁን ግን "መጀመሪያ ደንበኞቿን እንጠይቅ፤ ከዚያ እወስናለሁ" አልሽ። በኮርሱ ማብቂያ ለክፍል ጓደኞችሽ የምታቀርቢውም ይኸው ሆነ። ጠያቂው ደግሞ እኔ።

ትዝ ይልሻል፣ ፋብሪካሽ እኩል ያልሆኑ ጫማዎችን ብልሽት ብሎ ሲጥል፣ ሚጣ አንድ እግሩ ለሚያጥር ሰው ሆን ብላ አንዱን ሶል ታወፍር ነበር። "እማዬ የምትጥለውን እኔ እሸጣለሁ" እያለች ታሾፍብሽ ነበር። ጥያቄዎቹን ስትነግሪኝ ግን አንድ ጊዜም ሚጣ አላልሽም። "መሥራቿ" ነበር ያልሽው። በመጨረሻም፣ "መሞቷን እንዳትነግራቸው፤ ሰው ካዘነ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እውነቱን አይናገርም" አልሽኝ። እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቀኑን ሙሉ ቆማ ወደምትውለው ዳቦ ሻጭ ነው። ገና ስታየኝ፣

"አንተ፣ የሚጣ ወንድም አይደለህ? እሷን ምን ዋጣት?" አለችኝ።

"አለች" አልኳት።

"ንገራት እስቲ! ሁለቱ እግሮቼ ታርቀው ነበር፤ ሶሉ ካለቀ ወዲህ እንደገና ተኳርፈዋል። ካርቶን አጥፌ ከሥር እየከተትኩ ነው የምቆመው።"

ሌላ ጫማ ሰፊ ጋ ለምን እንዳልሄደች ጠየቅኋት።

"ሄጄ ነበር። እሱ ጫማዬን ይለካል። እሷ ግን ወዲያ ወዲህ አራምዳ፣ አረማመዴን አይታ ነው የምትሠራው።"

ስወጣ ሁለት ዳቦ አስያዘችኝ። አንዱ ጠርዙ ያረረ ነው። "እሱ የሷ ነው፤ ጠበስ ያለውን ነው የምትወደው" አለችኝ።

እማዬ፣ ያን ዳቦ መብላትም መጣልም አቃተኝ። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ።

"ምነው፣ አልወደደችውም?"

"ሞታለች፣ እትዬ። ትናንት ዋሽቼዎት ነው።"

የተሰለፈውን ሰው ትታ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ደግሞ ጠፋች ብዬ ሳማት!" እያለች አለቀሰች። ቆይታ ቆይታ ጫማዋን አየች። "ታዲያ አሁን ማን ሊያስተካክልልኝ ነው?" አለች። ወዲያው አፈረች፤ "አይ የኔ ነገር! ሰው ሞቶ እኔ ስለ ጫማ!" አለች።

እኔ ግን አልተቀየምኳትም። ከሰማሁት መልስ ሁሉ እውነተኛው ይኼ መሰለኝ። መጠየቁን በደንብ አስተምረውሻል፤ ሞቷን ደብቆ መጠየቁ ግን ልክ አልነበረም። ሌሎቹንም እየዞርኩ ነገርኳቸው። ለምታቀርቢው ሥራ የማይሆን ከሆነ ተቆጪኝ።

ቆዳ ቆራጩ ጋሼ አሁንም ወርክሾፑን በየጠዋቱ ይከፍታል። አንተ ሥራው ስለው፣ "እቆርጣለሁ፣ እለጥፋለሁ። የሰውን አረማመድ አይቶ ልኩን ማወቁ ግን የኔ አይደለም፤ አልዋሽህም" አለኝ።

"ሚጣስ ከማን ተማረች?"

"ከእናትህ ነዋ! ሚጣ በልጅነቷ ስትራመድ ታነክስ ነበር፤ እናትህ ያኔ ፋብሪካው ውስጥ ስፌት ላይ ነበረች። ከሥራ ስትወጣ የልጇን ሶል እየደራረበች ትሠራላት ነበር። ቢሮ ስትገባ ጊዜ አጣች፤ ልጅቷም ራሷ መሥራት ጀመረች።"

እኔ አልተወለድኩም ነበር። አንቺም አንድ ቀን እንኳ አንስተሽው አታውቂም።

እንግዲህ ይኸው። ኮርሱ ሲያልቅ ሌላ ረዘም ያለ ትምህርት አለ፣ ልቀጥል ይሆናል ብለሽኝ ነበር። ትምህርቱ እንደጠቀመሽ ይታየኛል፤ ይቅርብሽ አልልሽም፣ ነይም ለማለት ልጅ ነኝ። ግን ሳላስፈቅድሽ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። የዳቦ ሻጯን ጫማ ተቀብዬ፣ "እናቴ ትሠራልዎታለች" ብያታለሁ።

"እናትህ መቼ ነው የምትመጣው?" አለችኝ።

ይኼን ጥያቄ አንቺ አላስያዝሽኝም። እሷም ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ ወደ አንድ ጎን ዘመም እንዳለች ዳቦዋን መሸጥ ቀጠለች።

ደግ ሰው ያገናኝሽ፣ እንቅልፍም ይስጥሽ። ስትደውዪ አሁንም "ትንሹ" እያልሽ ጥሪኝ፤ ትልቋ የለችም ብለሽ እንዳትተዪው።

ትንሹ ልጅሽ