እናትሽን ቀደምኳት

ይድረስ ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፤ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ደጅሽን ያንኳኳ። እኔ ከነነገረኛነቴ አለሁ።

እናትሽ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ስትጨርስ ሐኪሟ «በየቀኑ ላብሽ ጠብ እስኪል ፈጠን እያልሽ ተራመጂ» ሲላት እኔን አጃቢ አደረገችኝ። ጉልበቷም እንቅልፏም ተመለሰላት። ዓመቱን ሙሉ በወንዙ ዳር ጥላኝ እየሄደች፣ «አንተ ኤሊ፣ ገመድ ልወርውርልህ?» ስትለኝ ከረመች።

ሰሞኑን ግን ጉድ ስሚ፤ እየቀደምኳት ነው! ድልድዩ ጋ አልፌያት «አሁን ኤሊ ማነው?» ብዬ ዞር ስል የድልድዩን ብረት ይዛ ቆማለች። «ጫማዬ ነው» አለችኝ። ጫማ ሰፊ አይደለሁ? ሱቅ ወስጄ አገላብጬ አየሁት፤ ምንም አልሆነም። ትናንት ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ «ኮትህን ልያዝልህ፣ አንተ ዙር» አለችኝ። ዞርኩ። የሚሰድበኝ አጥቼ መንገዱ ረዘመብኝ።

ሐኪሟ ጋ እንሂድ ስላት፣ «እሺ፤ ለልጄ ግን እንዳትጽፍላት» አለች። ይኸው አልጻፍኩልሽም፤ የጻፍኩት ስለ ራሴ ፍጥነት ብቻ ነው። የዓመት ፈቃድሽን አሁኑኑ ውሰጂና መጥተሽ እዪልኝ።

ናፍቆቴ ቀድሞኝ ይድረስሽ።

አጎትሽ ኤሊው