የእትዬ ዘምዘም ሁለት ትሪ

የለም፣ በርገሩን አልጠላሁትም። ማን ነው የጠላሁት ያለው? ከነሰላጣው አጋምሼ በልቻለሁ፤ ወረቀቱን ሳይቀር ልበላ ስል የልጅ ልጄ ጸሎት ናት ከአፌ የነጠቀችኝ። «እማማ ፊትሽ ተኮሳተረ» አለች እንጂ ፊቴማ ከተወለድኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው። አንቺም እዚያ ሆነሽ «እት አበቡ አረጀች፣ አዲስ ነገር አልጥማት አለ» እንዳትይ ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርሽ። ጥፋቱ የዳቦውም የሥጋውም አይደለም።

ይመኙዬ፣ እህትዓለም፣ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ነገር ገባሁ መሰለኝ። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ? ጆሮሽ ላይ የሰኩልሽ ነገር ሠራልሽ ወይስ አሁንም ያፏጭብሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባልሽ ጌቾ ደረቱን ተሻለው? ሲጋራውንስ እውነት ተወ ወይስ ለልጃችሁ ለሃና ብቻ ነው ተውኩ የሚላት? እኛ አለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ጎንደር በርዷል፤ ጠዋት የባልዲው ውኃ እጅ ይቆርጣል። ባሌ እንግዳው ከሞተ እነሆ አራት ወሩ። ጋቢው አሁንም ከመስቀያው አልወረደም። ምራቴ ሥርጉት «እማማ፣ ለድሃ እንስጠው» ትለኛለች፤ እሺ እላታለሁ፤ እሷም አታወርደው፣ እኔም አላወርደው።

ምነው ደብዳቤ አልሽ? በስልክ ብነግርሽ አትሰሚ፤ ሃና ትቀበልና ጎረቤት እስኪሰማ እየጮኸች ትደግምልሻለች። ይኸ ደግሞ በልጅ አፍ የሚደገም አይደለም። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ፊደል ነው።

እሁድ ለት የነቢያት ጾም ቅበላ ነበር። ጸሎት «እማማ፣ ጾም ሳይገባ ልጋብዝሽ» አለችና ፒያሳ ወሰደችኝ። ፎቅ ላይ ነው፣ ወንበሩ ከፍ ያለ፣ እግሬ መሬት አልደርስ ብሎ እንደ ልጅ ተንጠልጥሎ ቀረ። አስተናጋጁ ከልጅ ልጄ ያንሳል፤ «እናቴ፣ ሚጥሚጣ ይጨመርልሽ?» አለኝ። ጨምር አልኩት። ጨመረ። ጨምር አልኩት። «እናቴ፣ እኔ በኋላ አልጠየቅም» አለ። በላሁት፤ ምንም። ከእንግዳው ወዲህ ምላሴ ላይ ጨውም ሚጥሚጣም ስኳርም አንድ ሆነዋል። አላመመኝም፣ አትደንግጪ። ሐኪሙም ደህና ነሽ ብሎኛል። ብቻ የምበላው ነገር ሁሉ የሌላ ሰው ምሳ ይመስለኛል።

ጸሎት ሲሰለቻት ስልኳን ፊቴ ደቅና «እስቲ በልጅነታችሁ እናንተስ የት የት ትበሉ ነበር?» አለችኝ። እኔ መቼስ ታውቂኛለሽ፣ የጠየቀኝ ሰው ይጸጸታል። የመናኸሪያዋን ወለተ ሚካኤልን ነገርኳት፣ ፓስቲ ጠባሿን። ሊጡን በመዳፏ እየመታች አሳስታ ዘይቱ ላይ ስትለቀው እንዴት ቡፍ እንደሚል፣ ከአሮጌ ደብተር ገጽ ቀድዳ ጠቅልላ እንደምትሰጠን። ወረቀቱ ዘይት ሲጠጣ የጀርባው ጽሑፍ ከፊቱ ጋር ተደራርቦ ይታያል፤ አንቺ ፓስቲውን ስትጨርሺ እኔ ያንን ሳነብ እቀር ነበር። የቅዳሜ ገበያውን ቅቅል ድንች ነገርኳት፣ በበርበሬና በጨው፣ ምላሳችን ተቃጥሎ ከገበያተኛ ቅል ውኃ የለመንነውን። ጣሊያን የሠራውን ኬክ ቤትም ነገርኳት፣ ገብተንበት የማናውቀውን። ዘበኛው አያ አለኸኝ «መስታወቱን በአፍንጫችሁ ቀባችሁት፣ እናንተ የመሪጌታ ፍየሎች!» እያለ ሲያባርረን፣ አንቺ ሮጠሽ ሮጠሽ ጥግ ላይ ስትደርሺ ዞረሽ ምላስሽን ስታወጪበት። ጸሎት ሳቀች፤ በዙሪያችን የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር።

የእትዬ ዘምዘምን ሳምቡሳ ግን አልነገርኳትም።

ስንመለስ በዚያው ወደ አዲስ ዓለም ሰፈር በሚወርደው መንገድ መጣን። መንገዱን ሊያሰፉት ነው፤ ቤቶቹን አፍርሰዋቸዋል። የእትዬ ዘምዘም ቤት ግማሹ ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ሳምቡሳ የምትሸጥባት ያቺ መስኮት አለች፣ ቆርቆሮ መዝጊያዋ የለም፤ የጢሱ ጥቁረት ግን ከላይዋ እስከ ጣሪያው ድረስ እንዳለ ነው። ቆሜ አየሁት። ጸሎት «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። ማንንም። ዕንባ እየጠበቅሁ ነበር፤ አልመጣም። በእንግዳውም ቀብር አልመጣም፤ ሰው አምቶኛል፣ ይማ።

ይመኙዬ፣ አሁን የምጽፈውን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሆኖም በእኔ እጅ ተጽፎ አታውቂውም።

ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ልክ እንዳሁኑ በነቢያት ጾም ነበር። እኔ አሥራ አንድ፣ አንቺ ስምንት። እትዬ ዘምዘም እስላም ብትሆንም ግማሽ ደንበኛዋ የክርስቲያን ልጅ አልነበረም? ለዚህ ብላ ነው ሁለት ትሪ፣ ሁለት መጥበሻ የነበራት። በስተቀኝ የኛው ምስር፣ ባለ አራት ማዕዘን ታጥፎ፤ በስተግራ የነሱ ሥጋ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን። የክርስቲያን ልጅ ወደ ግራው ጣቱን ከቀሰረ በማማሰያ ትመታው ነበር፤ «የእናትህን ሃይማኖት በእኔ ትሪ ታፈርሳለህ?» እያለች። አንድ ቀን መጥበሻ ተሳስታ የኛን በነሱ ዘይት ጠብሳ፣ ያን ሁሉ ሳምቡሳ ለውሻ ስትደፋው አብረን ቆመን አይተናል። አንቺ ለሳምቡሳው አለቀስሽ። እሷ ደግሞ «አይዞሽ የኔ ሸጋ» ብላ አዲስ ጠብሳ ሰጠችሽ። ከልጅ ሁሉ አንቺን ነበር የምትወድ።

ያን ለት እሷ ከሰሉን ልታራግብ ጎንበስ ስትል እጄን ወደ ግራ ሰደድኩ። ርቦኝ አይደለም። ያ ሽታ ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው። ጥግ ላይ ሄደን ግማሹን በላሁ፤ ግማሹን ምስር ነው ብዬ ለአንቺ ሰጠሁሽ። ገና ስትነክሺው ዓይንሽን አፈጠጥሽ፤ «እት አበቡ፣ ይሄ ሥጋ ነው» አልሽ። «ዋጪ፣ ሰው ያያል» አልኩሽ። ዋጥሽ።

ቤት ስትደርሺ እምዬ ፊት አስታወከሽ። እምዬ ጎንበስ ብላ አየች፤ ያየችውን ታውቂዋለሽ። አባባ ተጠራ። የደብሩ መሪጌታ ልጅ፣ በጾም፣ የእስላም እርድ! «ማን ነው የበላው?» አለ። አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ መሬት አየሁ። «እኔ ነኝ፣ ብቻዬን» አልሽ። «ማን ሰጠሽ?» ሲል ዝም አልሽ። ያን ጊዜ እኔም ዝም ብል ምን ነበር? ማንም አልጠየቀኝም እኮ! ምላሴ ቀደመችኝና «እትዬ ዘምዘም ሰጥታት ይሆናል» አልኩ።

በማግስቱ ቄደር አጠመቁሽ። የሌላ እምነት እርድ የበላ ሰው ያለዚያ ውኃ ወደ ቤተ ክርስቲያን አይመለስምና። በዚያ ብርድ፣ በራስሽ ላይ እያፈሰሱ፣ ጥርስሽ ሲንቀጫቀጭ እኔ ደረቅ ነጠላሽን ይዤ ቆሜ ነበር። ግማሹን የበላሁት እኔ፣ ውኃው ያንቺ። አባባ ሳምንቱን ሙሉ ማኅሌት አልቆመም። መስኮቱ ድረስ ሄዶም ቆመ፤ ሴትዮዋም «መሪጌታ፣ በአላህ እምላለሁ፣ የእናንተን ልጅ ከእኛ ትሪ አላጎረስኩም» አለችው። አባባ ያመናት ይመስለኛል፤ የሰፈሩ ሴቶች ግን ልጆቻቸውን ከለከሉ። ፋሲካ ሳይደርስ መስኮቷ ተዘጋ።

ሌላውንም ልጻፈው። የአምባ ጊዮርጊሶቹ ለዲያቆን ልጃቸው ሽማግሌ ልከው አልነበረም? ወሬው ሲደርሳቸው ቀሩ፤ «ቄደር የገባች ልጅ ለቄስ ሚስትነት አትሆንም» አሉ። ከዚያ ስታድጊ ለጌቾ፣ ለወታደሩ ተዳርሽ፤ እሱም ወደ ምሥራቅ ይዞሽ ሄደ። ጌቾ ክፉ ሰው ነው አላልኩም፤ ሸጋ ሰው ነው፤ ከዲያቆኑም ይሻል ይሆናል። ግን አንቺ አልመረጥሽውም፤ እኔ ነኝ በአንድ ሳምቡሳ የዳርኩሽ።

ባለፈው ሃና በስልክ ስትስቅ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እታታ፣ እማዬ በሳምቡሳ አገር ተቀምጣ ሳምቡሳ በአፏ አይዞርም፤ ምነው?» አለችኝ። «ዘይት አይስማማትም» አልኳት። እዩልኝ፣ በሰባ ዓመቴም ያው ምላስ።

ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ዘምዘምን ወፍጮ ቤት አገኘኋት። አርጅታለች። ስለ ትሪው አንድ ቃል አልተነፈሰች። «ታናሽሽ ደህና ናት? ወለደች?» አለችኝ። ወልዳለች አልኳት። ከዚያ ቀኝ እጄን ያዘች፣ ገልብጣ መዳፌን አየችው፣ መልሳ ሰጠችኝ፤ ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች። ይቅር በይኝ ለማለት ከወፍጮ ቤቱ እስከ መንገዱ ጊዜ ነበረኝ። የዱቄት ዋጋ መወደዱን አወራኋት። ከሞተች እንግዲህ ሃያ ዓመት አልፏታል።

አሁን ምን ቆስቁሷት ነው ትዪ ይሆናል። ልቆርብ ነው፣ ይመኙዬ። እንግዳው ካለፈ ወዲህ ያለ ባል ብቻዬን ነኝ፤ ዕድሜዬም ደርሷል። የፊታችን እሁድ ለኅዳር ጽዮን እንድቆርብ የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ዮሐንስ ፈቀዱልኝ። ባለፈው ሳምንት መጥተው ኃጢአቴን ሲሰሙ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ሐሜቱን፣ ከሥርጉት ጋር መነታረኬን፣ ከእንግዳው ደብቄ የሸጥኩትን በግ ሳይቀር። «የቀረ አለ?» አሉኝ። «የለም አባ፣ ምላሴ ብቻ ናት» አልኩ። ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና «እስቲ አስቢ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ» አሉኝ። ሐሙስ ዛሬ ነው።

የሚያስፈራኝ ኩነኔው ቢሆን ደግ ነበር። ይኸን ሁሉ ስጽፍ ዓይኔ አልራሰም። ልቤ የደነዘዘ እግር ሆኗል፤ ስትቆነጥጪው ታያለሽ፣ አይሰማሽም። አባ ኃጢአት በዕንባ ነው የሚታጠበው ይላሉ፤ ዕንባ ከሌለኝ ምን ይዤ እቀርባለሁ? ያለሁበትን እንዲህ ነው የምነግርሽ፤ አዝኛለሁ ብዬ ብዋሽሽ ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በአንቺ ውኃ ነጽቼ መቁረብ አልችልም።

ይቅር ካልሽኝ ጻፊልኝ። ካላልሽኝም ጻፊልኝ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ረዘም አድርገሽ ጻፊው፣ ስድቡም ካለ አትቆጥቢ። ብቻ ዝም አትበይኝ። ስድሳ ዓመት ዝም ብለሽልኛል፤ በቃኝ።

ጌቾን ሰላም በይልኝ፣ ሲጋራውን ይጣል። ሃናን ሳሚልኝ፤ ስለ ሳምቡሳው ከጠየቀችሽ የፈለግሽውን ንገሪያት፣ ስሜን ብትጠሪም አልቀየምም። ልጅሽን አብዮትን ጫት ቤት ከመዋል ሚስት ይፈልግ በይልኝ። የልጅ ልጆችሽን በየስማቸው ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ለዚያች ቤት ውስጥ ለምታግዝሽ ልጅም ሰላምታዬ ይድረሳት። ከዚህም ልጄ አላምረው ሰላም ብሎሻል፣ ሥርጉት ሰላም ብላሻለች፣ ጸሎት ደግሞ...

ሥርጉት ትጣራለች። «እማማ! አባ መጥተዋል! በሩ ላይ ቆመው ነው፣ ነይ እንጂ!» ትላለች። መጣሁ አልኳት። እንግዲህ እሳቸው ፊት ስቀመጥ ምላሴ ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ ትጀምራለች፤ አውቃታለሁ። ስለዚህ አፌን አልከፍትም፤ ይኸን ወረቀት ሳላጥፍ ይዤው እወጣለሁ። መጀመሪያ እሳቸው ያንብቡት፤ ከዚያ ወዳንቺ ይላካል።

እህትሽ አበቡ
ጎንደር፣ አራዳ
ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.